የዋሽንግተን ሰመር በቀዩ ብስክሌት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዓመታት ኖረው ከተማዋን ከመኪና መስኮት በቀር ያላዩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በስንፍና እንዳይመስልዎት። መሀል ከተማ መኪና ይዞ መግባት ጣጣው ብዙ ነው፤ ፓርኪንግ ፍለጋ ይዞራሉ፣ ልጆች ከኋላ ይነጫነጫሉ፣ ሲመለሱ ደግሞ መስታወቱ ላይ የቅጣት ወረቀት ይጠብቅዎታል። ነፃ ነው የተባለው ሙዚየም ለፓርኪንግ ብቻ የምሳ ዋጋ ይበላል።

በየመንገዱ ዳር ተደርድረው የሚያዩዋቸው ቀያይ ብስክሌቶች ለዚህ መፍትሔ ናቸው። ካፒታል ባይክሼር ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑን ሙሉ የሚከራዩ እየመሰለው ነው። የተሠሩት ግን ከአንድ ጣቢያ አንስቶ ሌላ ጣቢያ ለማድረስ ነው፤ ሲደርሱ አስረው ይተዉታል፣ ሲነሱ ሌላ ይወስዳሉ። የዲሲ ነፃ መዝናኛዎች ደግሞ አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው የሩብ ሰዓት መንገድ ቢራራቁ ነው። ይህን ካወቁ የሰመሩ ወጪ እጅግ ይቀንሳል።

ዋሽንግተን በዚህ ነገር ፈር ቀዳጅ ናት። በፈረንጆቹ 2008 በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን የጋራ ብስክሌት በ10 ጣቢያዎችና በ120 ብስክሌቶች ሞከረች፤ እሱም በሴፕቴምበር 2010 በካፒታል ባይክሼር ተተካ። ዛሬ ጣቢያዎቹ ከ700 በላይ ናቸው። ዲሲ ላይ አይቆምም፤ በዚያው አካውንት አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግም ይነዳሉ።

መጀመሪያ አከፋፈሉን ይምረጡ

አፑን ስልክዎ ላይ ይጫኑና ካርድ ከማስገባትዎ በፊት ዋጋውን በእርጋታ ያንብቡ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለወጥ ጓደኛዎ አምና የከፈለውን አይመኑ። ለአንድ ጉዞ መክፈል፣ የአንድ ቀን ፓስ መግዛት ወይም ዓመታዊ አባል መሆን ይቻላል። እንግዳ ለሁለት ቀን ከመጣ በየቀኑ የቀን ፓስ ቢገዛ ይበቃዋል። እዚህ የሚኖር ሰው ግን አባል ቢሆን ይሻለዋል፤ አባል በመደበኛው ብስክሌት በእያንዳንዱ ጉዞ የመጀመሪያዎቹን 45 ደቂቃዎች ተጨማሪ አይከፍልም። 45 ደቂቃ ሳይሞላ አስረው፣ ትንሽ አረፍ ብለው ሌላ ቢያወጡ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን የምነግርዎትን ብዙዎች አያውቁትም። ፉድ ስታምፕ ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ሌላ የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኝ ሰው «ካፒታል ባይክሼር ፎር ኦል» በሚባለው ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ በ5 ዶላር አባል ይሆናል። የአንድ ጉዞ ጊዜውም እስከ 60 ደቂቃ ነው። አዲስ የመጡ ቤተሰቦች ለዚህ ብቁ ሆነው ሳለ «የፈረንጅ ነገር፣ ሳያስከፍሉን አይቀሩም» ብለው ሲተዉት ያስቆጫል። የድጋፉን ማስረጃ ይዘው ያመልክቱ፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ካሉዎት አብረዋቸው ተቀምጠው ይሙሉላቸው።

የኤሌክትሪኩ ብስክሌትስ? ዳገት ላይ ደስ ይላል፤ ሳያልብዎት ኮሎምቢያ ሃይትስ ይወጣሉ። ግን ለአባልም ቢሆን በደቂቃ ነው የሚያስከፍለው፤ ቀይ መብራት ላይ ቆመውም እንደ ታክሲ ሜትር ይቆጥራል። በዚህ ከተማ ታክሲ ነድቶ ለሚያውቅ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ለዳገት ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሜዳውንና ቁልቁለቱን በመደበኛው ይንዱ።

ዕድሜው 16 ያልሞላ ልጅ እነዚህን ብስክሌቶች መንዳት አይችልም። ፊት ያለው ቅርጫትም ለልጅ አልተሠራም። ልጆች የራሳቸው ብስክሌት ካላቸው በሜትሮ ባቡር በማንኛውም ሰዓት ይዘው መሳፈር ይፈቀድላቸዋል። በዲሲ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት የማድረግ ግዴታ አለበት፤ አዋቂውን ሕግ አያስገድደውም፣ ጭንቅላቱ ግን ያው ጭንቅላት ነው።

ብስክሌቱን ማውጣትና መመለስ

ጣቢያው ጋ ሲደርሱ ቶሎ ብለው ስልክ አያውጡ፤ በመጀመሪያ ብስክሌቶቹን ይዩ። ኮርቻው ወደ ኋላ የዞረ ካለ ይለፉት። ቀድሞ የነዳው ሰው «ይሄ ተበላሽቷል» ብሎ ለሚቀጥለው የተወው ምልክት ነው፤ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያከብረዋል። ቀጥሎ ጎማውን በአውራ ጣት ይጫኑ፤ ፍሬኖቹን ጨብጠው ይልቀቁ፤ ፔዳሉ እንደማይወላልቅ ይዩ። ከዚያ አጠገቡ ቆመው ኮርቻውን የዳሌዎ አጥንት ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት። የኮርቻው ዘንግ ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የእርስዎን ቁጥር አንዴ ካወቁ በሚቀጥለው ጊዜ አይቸገሩም። ኮርቻ ዝቅ አድርጎ መንዳት ጉልበት ይጨርሳል፤ ብዙ ሰው «ብስክሌት ደከመኝ» የሚለው ኮርቻውን ሳያስተካክል ስለሚወጣ ነው።

አሁን በአፑ ኪውአር ኮዱን ያንሱ። አረንጓዴ መብራት ሲበራ በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው ኮርቻውን ይዘው ወደ ኋላ ጠንከር አድርገው ይሳቡ። እየፈሩ ቀስ ቢሉ አይወጣም፤ ቆይተው ቢሞክሩ ደግሞ መልሶ ይቆልፋል።

ፊት ያለው ዕቃ መያዣ የሚለጠጥ ገመድ አለው፤ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ነው። ዳቦ ቆሎና ውኃ የያዘ ቦርሳ በደንብ ይቀመጥበታል፤ ስልክና የገንዘብ ቦርሳ ኪስ ውስጥ እንጂ እዚያ አይቀመጥም፤ ለመውደቅ አንድ የተሰነጠቀ አስፋልት ይበቃዋል። የቦርሳዎን ማንጠልጠያ መሪው ላይ አንድ ዙር ይጠምጥሙት። ማርሹ ሦስት ብቻ ነው፤ 1 ለዳገት፣ 3 ለሜዳ። መብራቱን እርስዎ አያበሩትም፤ ሲነዱ ራሱ ይበራል።

ሲመልሱ የፊት ጎማውን ባዶ ማሰሪያ ውስጥ ገፍተው ያስገቡና አረንጓዴ መብራት እስኪያዩ ይጠብቁ። ከዚያ መልሰው ይሳቡት፤ ካልወጣ ታስሯል። አፑ ላይም ጉዞው መዘጋቱን ይዩ። ይህን ጥንቃቄ እንደ ቀላል አይቁጠሩት፤ ሳይታሰር 24 ሰዓት ያለፈው ብስክሌት እንደጠፋ ይቆጠራል፣ ክፍያውም እስከ 1,200 ዶላር ይደርሳል። መብራቱ ካልበራ ትተው አይሂዱ፤ ሌላ ማሰሪያ ይሞክሩ ወይም እዚያው ቆመው ይደውሉ። ብስክሌቱ መንገድ ላይ ካስቸገረዎት ካሰሩት በኋላ የመፍቻ ምስል ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ፤ ቀይ መብራት ይበራና እስኪጠገን ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ለመጀመሪያ ቀን የሚሆን መንገድ

መንገድ ከጠየቁኝ ከራሳችን ሰፈር ይጀምሩ። ዩ ስትሪት ላይ ቁርስዎን በልተው፣ ቡናዎን ጠጥተው፣ 10ኛና ዩ ካለው ጣቢያ ብስክሌት ይውሰዱና ወደ 9ኛ ስትሪት ይታጠፉ። እዚያ ከመኪና ተለይቶ የተሠራ፣ ደርሶ መልስ የሆነ የብስክሌት መስመር አለ። በ2024 ነው የተከፈተው፤ ከፍሎሪዳ አቬኑ ተነስቶ እስከ ፔንሲልቬኒያ አቬኑ ይወርዳል። ቁልቁለት ስለሆነ ፔዳል ብዙም አይመቱም። ሾው ሰፈርን፣ ከዚያ ትልቁን የስብሰባ አዳራሽ ያልፋሉ። ከታች ሲደርሱ ወደ ኮንስቲትዩሽን አቬኑ ይሻገሩና 10ኛ ስትሪት ጥግ ካለው ጣቢያ ያስሩ። ሳይቸኩሉም ቢነዱ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልም።

ፊት ለፊትዎ ያለው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ቲኬትም አያስፈልገውም። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ወደሚያሳየው አዳራሽ ይሂዱ፤ በ1974 ሀዳር የተገኘችው የድንቅነሽ አፅም ቅጂ እዚያ አለ፤ ዝርያዋ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ፣ ሥጋና ጠጉር እንዲለብስ ተደርጎ የተሠራ ፊትም አለ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ካለዎት እዚህ ያቁሙት። ዋናው አፅም አዲስ አበባ ነው፤ ብዙ አዲስ አበቤ ግን ስሟን እንጂ እሷን አይቷት አያውቅም፣ እዚህ መጥቶ ነው መጀመሪያ የሚተዋወቃት።

ከዚያ በኋላ ምርጫው የእርስዎ ነው። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየምና የአየርና የጠፈር ሙዚየም ነፃ ቢሆኑም የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ይጠይቃሉ፤ ሳይዙ ሄደው በር ላይ አይከራከሩ። የካፒቶሉ ሥር ያለው የዕፀዋት ቤት ግን ሰተት ብለው የሚገቡበት ነው። በጁላይ ሙቀቱ በአማካይ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፣ ወበቁም ለብቻው ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ጊዜ ኤሲ ያለበት ሙዚየም ውስጥ ያሳልፉ፤ ብስክሌቱን ለጠዋትና ለማታ ይተዉት። ነሐሴ ላይ ፍልሰታን የሚጾም ሰው ደግሞ ባዶ ሆድ በዚያ ፀሐይ ፔዳል መምታት የለበትም። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ቀምሶ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ይሻላል።

ሲመለሱ ዳገቱን በባቡር ይውጡ። አርካይቭስ ጣቢያ ከሙዚየሙ የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው፤ አረንጓዴው መስመር ባቡር ሳይቀይሩ ዩ ስትሪት ያወርድዎታል። ቁልቁለቱን በብስክሌት፣ ዳገቱን በሜትሮ።

አንድ ሕግ እዚህ ጋ ልብ ይበሉ። መሀል ከተማ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው። ክልሉ በሰሜን ማሳቹሴትስ አቬኑ፣ በምዕራብ 23ኛ ስትሪት፣ በምሥራቅ ከካፒቶሉ ኋላ ያለው 2ኛ ስትሪት ነው። መኪናው ካስፈራዎት ይውረዱና እየገፉ ይሂዱ፤ እየገፋ ለሚሄድ ሰው ምንም ክልከላ የለም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከኋላ የሚመጣ መኪና አይደለም፤ ዳር የቆመ መኪና በሩን በድንገት ሲከፍት ነው። የአንድ በር ስፋት ርቀው ይንዱ። ይህን የሚያነቡት ኡበር ነጂ ከሆኑ ደግሞ ተሳፋሪዎ ከመውረዱ በፊት በመስታወት አይተው «ቆይ» ይበሉት።

ኤች ስትሪት ላይ የመንገድ ባቡር ሐዲድ አለ። ሐዲዱን በአግድም እንጂ ጎን ለጎን ሆነው አይሻገሩት፤ ጎማው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ መሪው አይታዘዝም። ዝናብ ከዘነበ ይባስ።

ጣቢያው ባዶ ወይም ሙሉ ሲሆን

ጠዋት ሁሉም ከዳገት ወደ መሀል ከተማ ይወርዳል፤ ከላይ ያሉት ጣቢያዎች ይራቆታሉ፣ ከታች ያሉት ይጨናነቃሉ። ማታ ተቃራኒው ነው። ከመነሳትዎ በፊት አፑ ላይ የመድረሻዎን ጣቢያ ይመልከቱ፤ ባዶ ማሰሪያው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ እርስዎ እስኪደርሱ ይሞላል ብለው ያስቡ፣ ሁለተኛ ጣቢያም ይምረጡ። ደርሰው ሙሉ ሆኖ ካገኙት በአፑ ተጨማሪ ደቂቃ ይጠይቁና ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ጊዜ ላለው ሰው ደግሞ ይህ ችግር ጥቅም አለው፤ ከሞላ ጣቢያ ወደ ባዶ ጣቢያ ብስክሌት የሚያደርሱ አባላት «ባይክ ኤንጅልስ» በሚባለው ፕሮግራም ነጥብ ይሰበስባሉ።

ውኃ

ፖቶማክ ወንዝ በሙቀት ቀን ይጣራል፤ እንዳይገቡ። ዲሲ በወንዞቿ መዋኘትን ከ1971 ጀምሮ ከልክላለች። ሐውልቶቹ አካባቢ ያሉ ፋውንቴኖች ውስጥም እግር ነክሮ መጫወት አይፈቀድም። ልጆች ውኃ ውስጥ እንዲንቦጫረቁ ከፈለጉ ኔቪ ያርድ ሜትሮ አጠገብ ያለው ያርድስ ፓርክ ጥልቀት የሌለው ገንዳ አለው፤ እሱ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ለመዋኘት የከተማዋን የሕዝብ ገንዳዎች ይጠቀሙ። የውጭዎቹ ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ በሥራ ቀንም ይከፈታሉ። ለዲሲ ነዋሪ ነፃ ናቸው፤ አድራሻው የዲሲ የሆነ መታወቂያ ያሳያሉ። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ይከፍላል። ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው ባኔከር ገንዳ ነው። ከመሄድዎ በፊት ያ ገንዳ በሳምንት የትኛውን ቀን እንደሚዘጋ ይዩ፤ ሁሉም አንድ የዕረፍት ቀን አለው፣ ቀኑ ግን ይለያያል። ትክክለኛ የዋና ልብስ ያስፈልጋል፤ በጥጥ ቲሸርት ወይም በቁምጣ ጂንስ አያስገቡም። ለሎከር የራስዎን ቁልፍ ይዘው ይሂዱ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉንም ከውኃ ያስወጣሉ፤ የዲሲ የሰመር ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ አያጣውም፤ ስለዚህ በጊዜ ይሂዱ።

ራቅ ላለ ቀን

ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ቢች ድራይቭ የሚባለው መንገድ የላይኛው ክፍሉ ከ2022 ውሳኔ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ለመኪና ዝግ ነው። ዛፍ የሸፈነው፣ ወንዝ የሚከተለው ሰፊ አስፋልት ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ሆኗል። እዚያ ውስጥ ጣቢያ ስለሌለ 45 ደቂቃውን አስቀድመው ያስሉ፤ ወይም የጓደኛ ብስክሌት ይዋሱ።

እኔ ግን አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብባል ኬኒልዎርዝን እመርጣለሁ። አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ የውኃ አበቦች መናፈሻ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። በጁን መጨረሻና በጁላይ ሎተሶቹ ከሰው ደረት በላይ ቆመው ያብባሉ፤ ቅጠላቸው እንደ ትሪ ሰፊ ነው፤ ውኃ ጠብ ሲልበት ሳያርሰው እየተንከባለለ ይወርዳል። አበባው በቀን ሙቀት ስለሚከደን ጠዋት ይሂዱ። የአናኮስቲያው የብስክሌት መንገድ በ2016 እስከዚያ ተዘርግቷል፤ ከሚኒሶታ አቬኑ ሜትሮ ብስክሌት ወስደው መድረስ ይችላሉ። አሁንም ካርታው ላይ የሚመለሱበትን ጣቢያ ይምረጡ።

ብሔራዊው አርቦሬተምም ነፃ ነው። ከካፒቶሉ የተነሱ 22 አሮጌ የድንጋይ ዓምዶች ሜዳ መሀል ቆመዋል፤ ለሠርግ ፎቶ የሚመጡ ሐበሾችን ቅዳሜ ቅዳሜ አያጡም።

መንዳት ለማይችል ሰው

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው ይህን ክፍል ይዝለለው። ሌላ ቦታ ያደግን ግን፣ በተለይ ሴቶች፣ ብስክሌት ሳንነካ አድገናል፤ የወንድማችን ነበር፣ ወይም «አጥንትሽ ይሰበራል» ተብለናል። በ40 ዓመትም ይለመዳል። የሚያስፈልገው ባዶ ቦታና ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤት ፓርኪንግ ይፈልጉ፤ ለስለስ ያለ ተዳፋት ካለው እሰየው።

ኮርቻውን ሁለቱም እግሮችዎ መሬት እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ ያድርጉት። ፔዳሉን ይርሱትና በእግርዎ መሬቱን እየገፉ ይንሸራተቱ። ዓይንዎ ጎማው ላይ ሳይሆን ርቆ ፊት ይይ፤ ወደ ተመለከቱበት ነው የሚሄዱት። እግሮችዎን አንስተው ጥቂት ሜትር ሳይወላገዱ መንሸራተት ከቻሉ ሚዛኑን ይዘዋል ማለት ነው፤ ያኔ አንዱን እግር ፔዳል ላይ ያድርጉ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከኋላ ኮርቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው አያስፈልግዎትም፤ እሱ ሲለቅ ነው ሰው የሚወድቀው። ፍሬን መያዝን ከመንዳት በፊት ይለማመዱ። አስተማሪ ከፈለጉ ዋባ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የዋሽንግተን አካባቢ ብስክሌተኞች ማኅበር ለአዋቂዎች ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷልና ይጠይቁት።

ማታ

በሰመር የወታደር ባንዶች ካፒቶሉ ምዕራባዊ ደረጃ ላይ በሥራ ቀን ማታ ማታ ነፃ ኮንሰርት ያሳያሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ከበሮ አለ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ነው፤ ሁሉም የቻለውን ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ከበሮም ቢጨመር የሚከለክል የለም።

ማክሰኞ ማታ አርሊንግተን ያለው የኢዎ ጂማ ሐውልት ሥር የባሕር ኃይል ጓድ ወታደሮች ሰልፍ ያሳያሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዲሲን ከወንዝ ማዶ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሣር አላውቅም። በብስክሌት ይሂዱ፤ ሰልፉ ሲያልቅ ግን አጠገቡ ያለው ጣቢያ ላይ ሰው ይሻማል። አንድ ብስክሌት ለማግኘት ከመጋፋት ወደ ሮዝሊን ሜትሮ በእግር ይውረዱ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ሕዝቡም አብሮዎት ነው የሚወርደው።